የመመለሻው ገንዘብ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ወልዲያ ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ልባቸው ታመመና ሐኪሞች ውጭ አገር ካልታከሙ አይተርፉም አሉ። ሦስት ልጆቻቸው ያላቸውን ሸጠው ለጉዞ ሲሰናዱ እናትየው፣ «ቤቴን የማወርሰው በሰው አገር ላልተወኝ ልጅ ነው» አሉ። «ምን ያስሟርትሻል፣ እማዬ!» ብለው ተቆጧቸው። ቃሉ ግን የሦስቱም ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ገንዘቡን ለሦስት ተካፈሉት። የበኩር ልጅ ዳምጤ ድርሻውን በጥሬ ዶላር ኪሱ ከተተ። ሴቷ ልጅ የውብዳር፣ «ዶላር ቢሰረቅ ማን ይመልስልናል?» ብላ ሁሉንም ባንክ አስገብታ ካርድ ያዘች። የመጨረሻው ልጅ ስንሻው የእናቱን መቀነት ለምኖ ዶላሩን ውስጡ ሰፋና ከሸሚዙ ሥር ታጠቀው።

ሆስፒታሉ ገና ከበር «ቅድሚያ ክፍያ» አለ። ዳምጤ አልተከራከረም። ርካሽ ክፍል መኖሩን እንኳ ሳይጠይቅ ለጥሩው ክፍልና ለጥሩው ሐኪም ከፈለ። ትንፋሽ አጥሯቸው የገቡት እናት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተነስተው ተቀመጡ፤ በሉ፤ ወልዲያ ካሉት የልጅ ልጆቻቸው ጋር በስልክ ተሳሳቁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ኖሩ። በዘጠነኛው ቀን የዳምጤ ኪስ ባዶ ሆነ።

በዚያው ቀን ልባቸው እንደገና ከዳቸው። «አሁኑኑ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ግን ክፍያ» ተባለ። የውብዳር ካርዷን ሰጠች፤ አልሠራም። ውጭ አገር እንደምትሄድ ለባንኩ አልነገረችም ነበርና ታግዷል። ቀኑ እሑድ ነው፤ ስልክ የሚያነሳ የለም።

«ስንሻው፣ መቀነቱን ፍታ!»

«እትዬ፣ ይሄ መመለሻችን ነው። እማዬ ያለችውን ረሳሽው?»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ለመነችው። እምቢ ሲላት ፓስፖርቷን የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ጠረጴዛ ላይ ጣለችና ዕዳው ሳይከፈል ከዚያ አገር ላትወጣ ፈረመች። እናትየው ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ፤ ማታውን ሞቱ። ሐኪሙ «ሁለት ሰዓት ቀድመው ቢገቡ ይተርፉ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምናልባት» አለ። ይህች ምናልባት የምትባል ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች!

ስንሻው ያኔ የመቀነቱን ስፌት ተረተረ። ለሣጥኑ፣ ለወረቀቱ፣ ለአውሮፕላን ጭነቱ፣ ለእሱና ለዳምጤ ትኬት ከፈለ። ሰባራ ሳንቲም አልተረፈም። ከዚያ ላይ ለቀዶ ጥገናው ተነክቶ ቢሆን ኖሮ እናትየው የማያውቃቸው አፈር ውስጥ ይቀሩ ነበር። ወልዲያ ተቀበሩ፤ አገር አለቀሰላቸው።

የውብዳር አልነበረችም። የካርዱ ገንዘብ ቢለቀቅም ዕዳውን አልሸፍን ስላለ አሥራ አንድ ወር የሆስፒታሉን አንሶላ ስታጥብ ቆየች። ስትመለስ መቃብሩ ሣር አብቅሎ ደረሰች። አንጀት ይበላል።

ስለ ቤቱ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ዘጠኝ ቀን ዕድሜ የገዛሁላት እኔ ነኝ» አለ ዳምጤ።

«እኔ ራሴን አስይዤላታለሁ» አለች የውብዳር። ወደ ስንሻው ዞረችና፣ «አንተ መቀነቱን ብትፈታ ኖሮ በእግሯ ትመለስ ነበር» አለችው።

«ባትድንስ ኖሮ?» አለ ስንሻው።

ሽማግሎቹ ሳይስማሙ ተነሡ። ይህን ያወራሁበት ቦታ ሁሉ ሰው ተኮራርፎ ነው የሚበተነው። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ቸኩላችሁ ግን አይሁን። ወይዘሮ ጥሩወርቅን በሰው አገር ያልተዋቸው የትኛው ልጅ ነው?