አጎናፍር በጉም ውስጥ ያየው ቀንድ

የደከመ ዓይን ብዥ ይላል። የቆየ ፎቶግራፍ ብዥ ይላል። ነገር ያልገባውም ሰው «ብዥ አለብኝ» ይላል፤ አሁን አሁንማ ሹማምንቱ «ብዥታውን እናጥራ» እያሉ ስብሰባ ይጠሩባታል። ይጥሩ! ይህችን ቃል የመንዝ ገደል አፋፍ ሰዎችን ያህል የሚያውቃት ግን የለም። ጉም ውስጥ ተወልደው ጉም ውስጥ የሚያረጁ ናቸው። እነሱ ዘንድ ሰው በቅጡ ያላየውን ሲያወራ አፉን የሚያስይዙበት ተረት አላቸው፤ ተረቱም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፣ አጎናፍር የሚባል ገበሬ ነው ያመጣው።

አጎናፍር ክፉ ሰው አልነበረም። ጉዱ አለመጠራጠሩ ነው፤ «ይመስለኛል» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ያለው አንድ በሬ ነው፣ ቦራ። ጎረቤቱ ጥላዬም ያለው አንድ በሬ ስለነበር ሁለቱን አቀናጅተው ሲያርሱ ኖረዋል። በዚያ ዓመት ግን ጥላዬ ባሏ የሞተባትን እህቱን ሊረዳ ብሎ በሬውን ከእሷ በሬ ጋር አቀናጀ። አጎናፍር በአፉ «ደግ አደረግህ» አለው። ሆዱ ግን ቂም ቋጠረ።

በዚያው ሰሞን ቦራ ጠፋ። አጎናፍር በማለዳ ሊፈልገው ወጥቶ አፋፉ ላይ እንደቆመ፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ከብት እየሳበ ሲያልፍ አየ። ቢጣራ የሚመልስለት አጣ፤ ቢከተል ጉሙ ዋጠው። ቤቱ እስኪደርስ ግን ነገሩን ጨርሶታል።

«በሬዬን የወሰደው ጥላዬ ነው» አላት ሚስቱን አፀደን።

«በዚህ ጉም? የገዛ እጅህን እንኳ አታይም እኮ!»

«አረማመዱ ይጠፋኛል? ባናው ይጠፋኛል?»

«በዚህ ብርድ የበግ ጠጉር ባና የማይለብስ ማን አለና ነው! ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን ፍራ።»

አልሰማትም። ነገሩ ሽማግሌው ግራዝማች ምናላቸው ዘንድ ቀረበ፤ አጎናፍርም ቅዱስ ሚካኤል ደጃፍ ልማል ብሎ ተነሳ። እሱ ከማለ ጥላዬ ያቺኑ አንድ በሬውን አስረክቦ፣ ከነልጆቹ «ሌባ» ተብሎ መቅረቱ ነው።

«አጎናፍር፣» አለ ጥላዬ፣ «ስንት ክረምት አብረን አርሰን፣ እኔ አንተን ልስረቅ?»

«ዓይኔ አይዋሽም!»

«መሐላው የትም አይሄድም፤» አሉ ግራዝማች፣ «መጀመሪያ ነገ ማለዳ ካየህበት ቦታ ወስደህ አሳየን።»

በማግስቱ ጉሙ እንደ ልማዱ ከገደሉ ሥር ወጥቶ አገሩን ሸፍኖታል። ሽማግሌዎቹ ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አጎናፍር ያሳያቸው ቦታ ላይ ቆሙ። «እኔ እዚህ ሆኜ፣ እሱ በዚያ ሲያልፍ…» እያለ ገና ሲያስረዳ፣ አንድ የተከናነበ ሰው ከብት እየሳበ ጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። አጎናፍር ዘለለ።

«ይኸው! ይኸው እንግዲህ! ሌባ አመሉን መች ይተዋል! ራሱ ጥላዬ ነው፤ ቦራዬንም ይዞታል!»

«ቦራ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉ ግራዝማች።

«በቀንዱ ነዋ! ቀንዱ አይታይዎትም እንዴ?»

ግራዝማች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጥላዬ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት!» አለ ጥላዬ፣ ከአጎናፍር ጀርባ፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል።

አጎናፍር ዞር ቢል ጥላዬ ባናውን ከፊቱ ገልጦ ቆሟል። ወዲያው ያ ጉሙ ውስጥ ያለው ከብት አናፋ። አህያ ነው! የግራዝማች አህያ። የሚስበውም ሰው ቀረበና ባናውን ከራሱ ላይ አወረደ። አፀደ ናት፤ የገዛ ሚስቱ። ግራዝማች ከእሷ ጋር መክረው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

አጎናፍር ግን አልሳቀም። «ቀንዱን እኮ አይቻለሁ… ልምል ነበር እኮ!» አለ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ በዓይንህ ያየኸው ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ሰውና ከብት… ብዥ ያለ ነገር።»

«የቀረውንስ ማን ነገረህ?»

አጎናፍር አንገቱን ደፋ። «ጥላዬ በሬውን ከእኔ በሬ ሲለየው ከፍቶኝ ነበር» አለ። ይህን ብሎ ከመሬት ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ጥላዬ እግር ሥር ተንበረከከ። አፍሮም ነበር፣ ፈርቶም ነበር። ጥላዬ ድንጋዩን አወረደለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። አፀደን ከመሰልኩማ ምን ከፋኝ!»

ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ቦራ ከገደሉ በታች ከቆላ ሰዎች ከብት ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ ታየ። ያ የመጀመሪያው ቀን አላፊ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ማንም መንገደኛ ሊሆን ይችላል። አፀደ ግን በሬው እስኪመጣ አልጠበቀችም። የአህያውን ገመድ ለባሏ አስጨበጠችና፣ «በል እንካ፣ ቀንዳሙን በሬህን ንዳ፤ ዓይን ብዥ ሲለው ልብ ይሞላለታል» አለችው።