የድመት ስንዝር

በእንጎይ ጫፍ መንደር ሞፈርና ቀንበር የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ ማለት ነው፣ ከአዲስ ቆዳ ሲበጅ አስቀድሞ አንድ ስንዝር ይቆረጥለታል። ቁራጯ «የድመት ስንዝር» ትባላለች። ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሲያወሩት እንዲህ ነው።

ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አላባራም። አያ ጓንጉል የሚባል፣ ከበሬዎቹ ጋር ካልሆነ ብዙ የማያወራ ገበሬ፣ ድመቱ የጎረቤት ጫጩት ስለፈጀችበት እቤት ዘጋባት። «ከጠገበች ምን ጎደላት» ብሎም ወተት አልነፈጋትም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ድመቲቱ የሰው ተረከዝ እያደባች ትቧጭር፣ ትነክስ ጀመር። የሚስቱ የአንጓች እግር ደማ።

«አብዳለች» አለ ጓንጉል። «ዝናቡ ጋብ ሲል ወንዝ አሻግሬ እጥላታለሁ።»

ልጁ ስንዱ ይህን ስትሰማ እህል አልቀምስም አለች።

እንደሚነገረው በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ገለጥ ቢል ጓንጉል ስልቻ ይዞ ገባ። ስንዱ በአባቷ ምራን ጫፍ የአውራ ዶሮ ላባ አስራ በመደቡ ሥር ትጎትታለች፤ ድመቲቱ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ታደባለች።

«ምራኔን ማን ንኪ አለሽ?»

«አባዬ፣ ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ሳጫውታት ማንንም አልነከሰችም። እስኪ ይዩዋት።»

ሊነጥቃት ምራኑን ሳብ ሲያደርገው ድመቲቱ ተወርውራ ላባውን ያዘች፤ ለቀቀች፣ ደግማ ያዘች፣ ታገለችው። ሲበቃት ወተቷን ላሰችና ከጓንጉል እግር ሥር ተጠቅልላ ተኛች። ጓንጉል ስልቻውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ከቀንበር የራቀ በሬ በረት እንደሚያፈርስ ያውቅ ነበር።

አንጓች ከጓዳ ሆና «ዝናቡ ከእርሻ ካስቀረህ ወዲህ አንተስ ስንቱን ነከስህ?» አለችው። «ማን ወንዝ አሻገረህ?»

ጓንጉልም ስልቻውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ቢላዋውን አነሳ፤ ማንም ገበሬ እርሻ ሳያልቅ የማይነካውን ምራን አንድ ስንዝር ቆረጠው። ላባውን በቁራጩ አሰረና በበሩ መቃን ላይ ሰቀለው። በዚያው ምሽት ራት ሳይቀርብ አወረደው፣ ተቀምጦ ጎተተላት፣ እስክትይዝ ጠበቃት፤ ከዚያ አበላት።

ዛሬም በእንጎይ ጫፍ ምራኑ ሁሉ ከሌላው አገር በስንዝር ያጥራል፤ አባወራውም ከእርሻ ሲገባ እጁን ከመታጠቡ በፊት ወደ በሩ መቃን ይዘረጋል።