ነሐሴን በሚያዝያ ያመጣው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ፣ የምንዘረጋው የስልክ ኔትወርክ ዲጂታል መንትያ፣ ማለትም አምሳያው፣ ኮምፒውተር ውስጥ አምሮ እየሠራ ሳለ፣ ታወሩን መትከል ትተን መንትያውን ለምን ደጋግመን እንፈትነዋለን ብለሽኛል፤ መልሱ እዚህ ሰው ዘንድ ነውና ስሚኝ።

የአገሩ ሽማግሌዎች ጎርፍ ሲመጣ በጥሩንባ የሚያስጠነቅቁ ጠባቂዎችን በየኮረብታው እንዲያቆም አደራ ሰጡት። ባለፈው ክረምት ወንዝ ዳር የነበሩ ሰዎች ሳይሰሙ ተወስደዋል።

ሰውየው ብልህ ነው፤ ከእኔ ወዲያ ላሳር ማለትም ይወዳል። ሸለቆውን ከነገደሉ ከነጎጆው በጭቃ ሠራው። ከዚያ በሩን ዘግቶ በጭቃው ኮረብታ ላይ ኩራዝ እያበራ ጥላ የሚያርፍበትን ተመለከተ። «ብርሃኑ የደረሰበት ጥሩንባውም ይደርሳል» አለና ሁለት ጠባቂ ይበቃል ብሎ ቆረጠ። ሽማግሌዎቹ አይተው መረቁት፤ እሱም ደስ አለው።

ወንዙ አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት የልጆች እናት ግን ጭቃውን ትክ ብላ አየችው።

«ጎጆዬን አወቅኋት። ወንዙ ግን የየትኛው ወር ነው?»

«የሚያዝያ ነዋ» አላት፣ ጥያቄዋ ገርሞት።

«እኛን የሚወስደን እኮ የነሐሴው ነው፣ ጌታዬ። በነሐሴ ከወንዙ ጩኸት የተነሳ ልጄ አጠገቤ ሆና ብታለቅስ እንኳ አልሰማትም።»

ሰውየው መጀመሪያ ተናደደ። ቀጥሎ አፈረ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ግን የመረቁትን ሽማግሌዎችና ስድስት ከበሮ መቺዎች ይዞ ደጃፏ ወረደ። «እንደ ነሐሴ ወንዝ አድርጋችሁ ምቱ» አላቸው። ከኮረብታው ጥሩንባው ተነፋ። ሴትየዋ ምንም አልሰማችም። ሰውየው በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» አለና ከጎጆዋ በላይ ባለው ቋጥኝ ሦስተኛ ጠባቂ አቁሞ እንደገና አስነፋ። ይህን ጊዜ ሰማች።

ነሐሴ ገባ፤ ወንዙም ሞላ። ጎጆዋን ጠርጎ ወሰዳት። እሷ ግን ልጆቿን ይዛ ዳገቱ ላይ ነበረች።

እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺም መንትያ ገና የሚያዝያ ነው። ዝናብ አውርጂበት። የገበያተኛውን ስልክ ሁሉ ባንዴ አስደውዪበት፤ ከታወሮቹም የአንዱን መብራት አጥፊበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እዚያ ኔትወርኩ ቢወድቅብሽ አትዘኚ፣ ደስ ይበልሽ፤ እዚያ የሚሞት ሰው የለም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን የምታነሳው ሰማዩ በጠራ ቀን ብቻ አይደለም።