ራሱን የከሰሰው ሥራ ፈላጊ

ሕግ ተምሮ ሥራ ያጣ አንድ ምሩቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሥራ አፈላላጊ ክፍል ቢሞክርለት ቢሞክርለት አልሆን ሲለው፣ በመጨረሻ ጠበቃ ልዑልሰገድ ዘንድ ላከው። ልዑልሰገድ ደግሞ ሥራ ፈላጊ አሸማቆ መመለስ የሚያስደስተው ሰው ነው።

ምሩቁ የአጎቱን ሰፊ ኮት ለብሶ ገባ። ጠበቃው ረዳቶቹን ሰብስቦ፣ «እኔ ዳኛ ነኝ። አንተ ከሳሽም ተከሳሽም ነህ። ለዚህ ቢሮ እንደማትረባ አስረዳኝ። ካሳመንከኝ አትረባምና ትሄዳለህ፤ ካቃተህም መከራከር አትችልምና ትሄዳለህ» አለው። ረዳቶቹ ሳቁ።

ምሩቁ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንቅልፋም ነው። የለበሰው ኮት እንኳ የራሱ አይደለም። ግን ጉዱ ብዙ ስለሆነ ምርመራዬን አልጨረስኩም፤ ተጨማሪ ቀጠሮ ይሰጠኝ። እስከዚያው ተከሳሹ እዚሁ ቢሮ እንዲቆይ፣ ቀለቡንም ቢሮው እንዲችለው እጠይቃለሁ።»

ጠበቃው ሳቁን እየዋጠ፣ «ምርመራው መቼ ያልቃል?» አለው።

«መርማሪው እኔ ከሆንኩማ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጡረታ እስክወጣ አያልቅም።»