የበረዶ መላሹ ድምፅ

የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራው ናሁሰናይ ድሮ ፊደል ያስቆጠሩትን መምህር ቤቱ ምሳ ጋብዞ ጠየቃቸው፤ «የኔታ፣ በጨዋታዬ ውስጥ ያለው ጠንቋይ ድግምት በደገመ ቁጥር ኃይሉ ያልቅበታል። ትንሽ ሲያርፍ ግን ራሱ ይሞላለታል። ከየት ይሞላል ልበል?»

የኔታ እንዲህ አሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ በረዶ መላሽ። ጥቁር ደመና ከተራራው ብቅ ሲል አገሬው ይጠራዋል። እሱም ከማሳው ዳር ቆሞ አስማቱን ጮክ ብሎ ይደግማል፤ ደመናውም ተጠማዝዞ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ለዚህ ውለታው ገበሬው ሁሉ በመኸር እህል ይሰፍርለታል።

ድግምቱን ሲጨርስ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ተኝቶ ሲነሳ ድምፁን እንደ ቀድሞው ሞልቶ ያገኘዋል። «ዋጋውን በድካሜ ከፈልኩ» ብሎ ያምን ነበር፣ ሞኝ!

መጀመሪያ የቤቱ አውራ ዶሮ መጮኽ ተወ። አንገቱን ያሰግጋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ሰውየው «አርጅቷል» አለና አረደው። ቀጥሎ ውሻው ዝም አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው። እንዝርቷን እያሾረች ታንጎራጉር የነበረችው ሚስቱም እንጉርጉሮዋን ተወች። ትንሿ ልጁ ስታወራ ለመስማት ጆሮን ወደ አፏ ማስጠጋት ግድ ሆነ።

«ልጅቷን ምን ነካት?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት።

«ደመና በመለስክ ቁጥር ነው» አለችው በሹክሹክታ።

ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ሰው እንጀራው ሲነካበት ጆሮው ይደፈናል።

ገብሱ ለአጨዳ ሲቃረብ ከሁሉ የከፋ ደመና መጣ። አገሬው «ኧረ ድረስልን!» እያለ ከበበው። አፉን ከፍቶ መድገም ጀመረ። ከጉሮሮው የወጣው ግን የእሱ ድምፅ አልነበረም። ቀጭን፣ ገና ቃል የማይቀናው፣ የልጁ ድምፅ ነበረ። ገበሬዎቹን ሰቀጠጣቸው። ደመናው ግን ያንን ድምፅ ሰምቶ መዞር ጀመረ።

ሰውየው አፉን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ያዘ። አስማቱ ግማሽ ላይ ተቆረጠ፤ በረዶውም የእሱንም የጎረቤቱንም ገብስ አጋደመው። በበረዶው እየተወገረ ወደ ቤቱ ሮጠ። ልጁ አልጋ ሥር ተሸሽጋ፣ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። በረዶው አባራ፣ ጣሪያው ጸጥ አለ። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ እንደተከፈተ ነው፣ ቤቱ ግን ጭጭ ብሏል።

ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ቢናገር የሚናገረው በልጁ ድምፅ ነበርና፣ እስኪሞት አንድ ቃል አልወጣውም።

የኔታ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ።

«ልጄ፣ ራሱ የሚሞላ ነገር የለም። የሞላ ሁሉ ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ነው። ጨዋታህን እንደ ፈለግህ ሥራው። አንተ ግን ስንት ወር ከዚያ ማሽን ጋር ተዘግተህ ከርመህ ጉልበትህ አልጎደለም፤ እንደ ሰውየው ነህ። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ባለቤትህ እጅ አስታጠበችን፣ ምሳ አቀረበችልን፣ ማዕዱንም አነሳች። ድምጿን ሰምተሃል? በል አሁን ጥራት፤ ትመልስልህ እንደሆነ እንስማ።»