የሰም ጨርቅና መካሪዎቹ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።

ጎሽ። ጆሮ እንጂ ምክር ይዛችሁ እንዳልመጣችሁ ልመንና ልጀምር።

በድሮ ዘመን ውዲቱ የምትባል ቁስል አካሚ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ንጋቱ ሸማኔ ነበረ። አንድ ቀን የፈላ ድስት ተገለበጠበትና ግራ እጁን ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ላጠው። ውዲቱም ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ውሃ አጠበች። ማር ቀባችና ታጥቦ ፀሐይ በመታው የነጠላ ቁራጭ ጠቀለለችው። ከዚያም በሦስተኛው ቀን እኔው እፈታዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብላ ሄደች።

ንጋቱ ግን ለሰው እንቢ ማለት አያውቅም። አንዱ ጎረቤት መጣና እስቲ ልየው አለው። ፈታና ቅቤ ቀባበት። ሌላዋ መጣችና ቅቤ ምን ያደርጋል ብላ አመድ ነሰነሰችበት። ሦስተኛው እበት ለጠፈበት። ውዲቱ ስትመጣ ቁስሉ መግል ቋጥሯል። እንደገና አጠበችና ጠቀለለችው። ፈቱት። ደግማ ጠቀለለች። ደግመው ፈቱት። እንዲህ እያሉ አምስት ጊዜ።

እንደምንም ቁስሉ ገጠመ። ግን ብዙ ቆይቶ የዳነ ነውና ጠባሳው እንደ ገመድ አብጦ ተነሣ። አውራ ጣቱንም ወደ መዳፉ ይጎትተው ጀመር። የሽመና መወርወሪያውን መያዝ አቃተው። ውዲቱም ጨርቅ በቀለጠ ሰም ነከረች። ሲበርድ ጠባሳው ላይ አድርጋ፣ ጣቱን ዘርግታ አሰረችው። ሁለት ወር ይታሰር፣ በየሳምንቱ ፈትቼ የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ አለች። በማግስቱ ንጋቱ ያሳክከኛል ብሎ ለጎረቤት ነገረ። ጎረቤትም ፈታለት።

ውዲቱ ጨርቁን ከአፈር ላይ አነሣችው።

ውዲቱም፦ «ይህ ጣት ታጥፎ ከቀረ ሸማ አትሠራም። ልጆችህን እነዚህ ያለብሱልሃል?» አለችው።

ንጋቱም፦ «እታለም፣ ምን ላድርግ? ለደግ ብለው ነው እኮ» አላት።

ውዲቱም፦ «እሱ ነው የመረረኝ። ክፉዎች ቢሆኑማ በዱላ አባርራቸው ነበር» አለች።

ሄደችና ጎረቤቶቹን ለመንደሩ ዳኛ ለጭቃ ሹሙ ከሰሰቻቸው። እሱም ምን ይደረግልሽ አላት።

ውዲቱም፦ «ካሳ አልፈልግም። እጁን የፈታ ሁሉ ግራ እጁ እንደሱ ይታሰር። የሱ ሲፈታ ይፈታ» አለች።

ሸንጎው ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ግን ሳይስቅ ፈረደ። ውዲቱ የንጋቱን ጣት በሰም ጨርቁ ዳግም አሰረች፤ ስድስት ጎረቤቶችም እጃቸው ታሰረ። በአንድ እጅ ማረስም ማለብም አቃታቸው። ከዚያ ወዲያ ንጋቱ ሊያክ ሲል ስድስት ሰው ይቆጣዋል። እስቲ ልየው የሚል እንግዳ ሲመጣ ከበር ይመልሱታል። ተራ ገብተው ጠበቁት።

ሁለት ወሩ ሞላና ውዲቱ ፈታችው። ጠባሳው ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ተኝቷል፣ ለስልሷል። ጣቱም ተዘረጋ። ንጋቱ መወርወሪያውን ጨበጠና አለቀሰ። ውዲቱም ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

በሳምንቱ የአንዲት ሴት ክንድ በእሳት ተቃጠለ። ውዲቱ ማሯን ይዛ ስትሮጥ፣ ስድስቱ ቀድመው ደጁን ዘግተዋል። አንደኛው እጁን ዘረጋና አገዳት።

እሱም፦ «ቁስል አይነካም፤ አንቺም ብትሆኚ» አላት።

ተረቴን መልሱ። የደረቀ አፌንም በትኩስ ዳቦ አብሱ፤ እንዴት እንደማኝከው ግን አትምከሩኝ።