ቀበሮና የአህያዋ አሥራ ሁለት ቃላት

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ሜዳ ጥግ ብቻዋን የምትኖር አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ባሏን ጭነት ገድሎታል። አንድ ልጇ ሸጋው ደግሞ ጨው ሊጭን በረሃ ወርዷል። እዚያ ባንክ ስለሌለ ያገኘውን ሁሉ ክሪፕቶ በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ አድርጎ፣ እናቱ ስልክ ላይ ባለው ዲጂታል ቦርሳ ያጠራቅም ነበር። አንድ ቀን ከጭነት የሚገላግላቸውን የግጦሽ መሬት ሊገዙበት ነው።

ሲሄድ የቦርሳውን አሥራ ሁለት ምስጢራዊ ቃላት በወረቀት ጽፎ ሰጣት። «እማዬ፣ እነዚህን ቃላት ያወቀ ሁሉ ቦርሳውን ይከፍታል። ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። እሷም ወረቀቱን ከአሮጌ ኮርቻዋ ሥር ሸሸገችው።

ሸጋው መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ቆይቶ በየወሩ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ ጭራሽ ጠፋ። አህያዋ ወንዝ ስትወርድ ላገኘችው ሁሉ ስለ ልጇና ስላጠራቀመላት ገንዘብ ታወራለች፣ ወሬውን የሰማ እንዲደውልላትም ስልክ ቁጥሯን ትናገራለች፤ ሰሚዎቿ ግን ውኃቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እስከ መጨረሻው ያዳመጣት ከቁጥቋጦ ሥር የተኛ አንድ ቀበሮ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ በለሰለሰ ድምፅ ስሙ እርግብ እንደሆነ፣ ከቦርሳው ድርጅት ተልኮ የደንበኞችን ደኅንነት እንደሚጠይቅ ነገራት። ሌላ ምንም አልፈለገም። በማግስቱ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን የሸጋውን የልጅነት ነገር ስታወራለት ሳያቋርጥ ሰማት። ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። አህያዋ ፀሐይ ዘወር ስትል ከግጦሽ እየሮጠች መመለስ ጀመረች።

አንድ ቀን ግን እርግብ ነኝ ባዩ ድምፁ ተለወጠ። ሌቦች ቦርሳዋን ሊከፍቱ እንደደረሱ፣ ገንዘቡን አሁኑኑ ወደ ደኅና ቦታ ለማዛወር አሥራ ሁለቱ ቃላት እንደሚያስፈልጉት ነገራት።

«ልጄ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል» አለች።

እሱም «እማማ፣ እኔ ለእርስዎ ማንም ነኝ?» አላት።

አህያዋ አፈረች። በዚያ ወር እንዴት ዋሉ ያላት ሌላ ፍጡር አልነበረም። ወረቀቱን አውጥታ ቃላቱን አንድ በአንድ አነበበችለት። አሥራ ሁለተኛውን ጨርሳ ምሳውን በልቶ እንደሆነ ልትጠይቀው ስትል ስልኩ ተዘጋ። ቦርሳውን ብትከፍት ባዶ ነው። ብትደውል፣ መልሳ ብትደውል፣ ቁጥሩ አይሠራም።

እያነከሰች ወደ ዳኛው አንበሳ ሄደች። አንበሳ ሲያጣራ እርግብ የተባለው ያ ቀበሮ ሆኖ ተገኘ፤ አገር ጥሎም ጠፍቷል።

«ጅብ በርሽን ሰብሮ ገብቶ ቢሆን ዱካውን ተከትዬ አስመልስልሽ ነበር» አላት አንበሳ። «ይህ ቦርሳ ግን ቃሉን እንጂ ባለቤቱን አይለይም። አንዴ የወጣውን የሚመልስ ዳኛም የለውም።»

ለልጇ መንገር ፈርታ ሦስት ቀን ቆየች። በአራተኛው ቀን ደጋግማ ደውላ ሸጋውን አገኘችውና ሁሉን ነገረችው። ቃላቱን ለቀበሮው ለምን እንደሰጠችው ጠየቃት።

«እንዴት ዋሉ ይለኝ ነበር» አለችው።

 በስልኩ ውስጥ የበረሃው ነፋስ ብቻ ይሰማት ነበር። በኋላ ሸጋው አዲስ ቦርሳ አወጣላትና እውነተኛ የድርጅት ሠራተኛ እነዚያን ቃላት ፈጽሞ እንደማይጠይቅ አስረዳት። ከዚያ ወዲህ ድካም ካልጣለው እሑድ እሑድ ይደውላል። መሬት የመግዛቱ ነገር ግን ቀረ፤ ጀርባው ከጨው ሥር አልወጣም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የማታውቀው ቁጥር ደወለ። ጆሮዎቿ ሳታዛቸው ቀጥ አሉ። «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ከቦርሳው ድርጅት ነው» አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። አህያዋ ቃል ሳትናገር ስልኩን ዘጋችው። ከዚያም ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ፣ ድምፅ በሌለበት፣ ብዙ ሰዓት ቆመች።

ከዚህ የምንማረው የቦርሳን ምስጢራዊ ቃል የሚጠይቅ ሁሉ ድምፁ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሌባ መሆኑን፣ ወላጁን ያለ ጠያቂ የተወ ልጅም ለዚያ ሌባ በሩን ገርበብ አድርጎለት እንደሄደ ነው።